አራት ሰንሰለትና አንድ የእንጨት መለኪያ

በፒካፕ መኪና ጀርባ ላይ ተጭኖ የሚሄድ ቤት አይታችሁ ይሆናል። እኛ ባለንበት በኮሎራዶ፣ በሰኔና በሐምሌ ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ ላይ በየአምስት ደቂቃው አንዱ ያልፋችኋል። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ የውሃ ታንከር አለው። ስሙ ትራክ ካምፐር ነው። ተጎታች አይደለም፤ የራሱ ጎማ የለውም። ዕቃ በሚጫንበት የፒካፑ ካሶኒ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ጉዞው ሲያበቃ በራሱ አራት እግሮች ይቆምና መኪናው ከሥሩ ይወጣል። ብዙ ሰው ክብደቱ ብቻ አርጎ የሚያስቀምጠው ይመስለዋል። አያስቀምጠውም። ንፋስ አለ፣ ድንገተኛ ፍሬን አለ፣ ጠመዝማዛ አለ። ካምፐሩን መኪናው ላይ የሚያቆየው በአራቱ ማዕዘን የታሰረ ሰንሰለት ነው። እኔና አባዬ ያን ማሰሪያ በገዛ እጃችን ሠራነው።

የነርሲንግ ተማሪ ከሰንሰለት ጋር ምን አገናኛት? እማዬም ይህንኑ ጠይቃለች፤ እሷ ግን «ፈተናሽ ደርሶ» የሚል ጨምራበታለች።

ካምፐሩን አባዬ በመጋቢት ወር ጡረታ ከወጣ የሥራ ባልደረባው ገዛው። አሮጌ ነው፤ በዕድሜ እኔን በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ማሰሪያ አልነበረውም። ከሻሲ ጋር የሚገጠም ፋብሪካ የሠራው ማሰሪያ ስንት እንደሆነ ስንጠይቅ፣ ከነመወጠሪያው ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ነገሩን። አባዬ ስልኩን ዘጋና «ለገመድ?» አለ። ከዚያ ጋራዡን ከፍቶ ገባ።

ይህን ማለቱ ንፉግ ስለሆነ አይደለም። አባዬ እዚህ አገር 17 ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ ልክ በእኔ ዕድሜ፣ ኤንትሬ ላይ ረዳት ነበር፤ ከአሰብ ወደ አዲስ አበባ። ያኔ አሰብ የእኛ ወደብ ነበረች። ረዳት ማለት፣ ለማታውቁት፣ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ሸራ የሚያለብስ፣ ገመድ የሚወጥር፣ መኪናው አቀበት ላይ ሲቆም ሮጦ ከጎማው ሥር ታኮ የሚያስገባ ልጅ ነው። ጭነቱ ከተንሸራተተ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጭነቱ ላይ የሚተኛው እሱ ራሱ ነው። ገመዱ በደንብ መወጠሩን አባዬ የሚያውቀው በጣቱ መታ አድርጎ ነበር። «የላላ ገመድ ዝም ይልሻል፤ የተወጠረ ይመልስልሻል» ይለኛል።

የእኔ አማርኛ የቤት አማርኛ ነው። ምግብ፣ ዘመድ፣ ቁጣ፣ ምርቃት፣ ይኸው ነው። ጋራዥ ውስጥ ግን ሌላ አማርኛ ገጠመኝ። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ሞላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ትራፓኖ፣ ክሪክ። ማታ አንድ በአንድ ፈልጌ ሳያቸው ሁሉም ጣልያንኛ ናቸው። ለአባዬ ስነግረው ትንሽ አሰበና «ታዲያ አማርኛው ምንድን ነው?» አለኝ። እኔን! አሁን እኔም ዳዶ ነው የምለው። በእንግሊዝኛ ካሰብኩት እጄ ላይ አይመጣልኝም።

መጀመሪያ የተነጋገርነው ከየት ጋር እንደምናስረው ነው። ቀላሉ መንገድ የካሶኒውን ጠርዝ መብሳትና ቀለበት መግጠም ነው። የሚያደርጉት ሰዎች አሉ፤ ለቀላል ካምፐር የተሠሩ እንደዚያ ያሉ ማሰሪያዎችም ይሸጣሉ። ነገር ግን የካሶኒው ግድግዳ ላሜራ ነው። ከባድ ነገር ደጋግሞ ሲስበው ይታጠፋል፣ ይሰነጠቃል፣ መጨረሻ ላይ ይቀደዳል። የመኪናው አጥንት ከሥር ያለው ሻሲ ነው። እኔ ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ በዚያው ሳምንት በክፍል የተማርነው ታካሚን ስለ ማሰር ነበር። ማሰር የመጨረሻ አማራጭ ነው፣ የሐኪም ትዕዛዝ ይፈልጋል፣ የግድ ከሆነ ግን ማሰሪያው ከአልጋው ፍሬም ጋር ይታሰራል እንጂ ከጎን መከለያው ጋር በፍጹም አይታሰርም። መከለያው ይወርዳል፣ ይወጣል፤ የታሰረውን እጅ ይዞት ይሄዳል። ከማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት። ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ይታያል። ለአባዬ ስነግረው «አየሽ፣ አንድ ሥራ ነው» አለ። አንድ ሥራ አይደለም፤ ግን አልተከራከርኩትም።

ሻሲው ላይም ቢሆን እንደ ልብ መሥራት አይቻልም። የላይኛውና የታችኛው ከንፈሩ ትልቁን ጭንቀት የሚሸከሙ ናቸው፤ እዚያ ላይ የተበሳ ቀዳዳ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ብየዳም ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ይለውጠዋል። ስለዚህ ከፊት በኩል አልበሳንም፣ አልበየድንም። ከካሶኒው ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፍ ሁለት ኢንች በሁለት ኢንች የሆነ ወፍራም ቱቦላሬ አስገባንና ሻሲውን ከላይና ከታች በወፍራም ብረት ሳንዱች አድርገን በቡሎን አጠበቅነው። ጫፍና ጫፉ ከመኪናው ጎን ጥቂት ብቅ ይላል፤ ሰንሰለቱ የሚያዘው እዚያ ነው። ከኋላ በኩል ፓራውልቱ የታሰረባቸው ቀዳዳዎች ስለነበሩ በእነሱ ተጠቀምን። ቡሎኖቹ ሁሉ ግሬድ 8 ናቸው። ራሳቸውን ብታዩ ስድስት መስመር አላቸው፤ ሦስት መስመር ያለው ግሬድ 5 ነው፤ ምንም መስመር የሌለውን ለመደርደሪያ አስቀምጡት።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ፤ እሱን ለእኔ ተወልኝ። ካምፐሩን በራቼት ቀበቶ አስረን፣ ታንከሩን ውሃ ሞልተን፣ ቀስ እያልን ወደ ከባድ መኪና ሚዛን ወሰድነው። ውሃውን አትናቁት፤ አንድ ጋሎን ከ8 ፓውንድ በላይ ነው፣ የእኛ ታንከር ደግሞ 20 ጋሎን ይይዛል። መኪናው ብቻውን የሚመዝነውን ስንቀንስ 2,140 ፓውንድ ቀረ፤ 970 ኪሎ ገደማ። ለንግድ መኪናዎች የወጣው የፌዴራል ደንብ ማሰሪያ ሁለት ነገር ማሟላት አለበት ይላል። አንደኛ፣ የማሰሪያዎቹ የሥራ አቅም ድምር ቢያንስ የጭነቱን ክብደት ግማሽ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ፍሬን ሲያዝ ወደፊት የክብደቱን 0.8 እጥፍ፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን 0.5 እጥፍ መቋቋም አለበት። እኛ በደንቡ አንገደድም፤ አባዬ ግን ሌላ ልክ አያውቅም። የእኛ 0.8 እጥፍ 1,712 ፓውንድ ነው።

አሁን መወጠሪያውን ላስተዋውቃችሁ። ተርንበክል ይባላል፤ መሃሉን ስታዞሩት ሁለቱን ጫፍ ወደ ውስጥ የሚስብ ብረት ነው። ጫፉ መንጠቆ ከሆነ አቅሙ ያንሳል፤ መንጠቆ ይከፈታልና። በፒን የሚዘጋ አፍ ያለው ይሻላል። የ3/8 ኢንቹ ባለ ፒን 1,200 ፓውንድ ይይዛል። ፍሬን ሲያዝ ካምፐሩ ወደፊት ስለሚሄድ የሚይዙት ወደ ኋላና ወደ ታች የሚስቡት ሁለቱ የኋላ ማሰሪያዎች ናቸው። በ45 ዲግሪ ስለሚወርዱ ወደ ኋላ የሚስቡት ከአቅማቸው 0.7 እጥፍ ያህሉን ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ 1,200፣ ሲባዛ 0.7፣ 1,680 ይሆናል። 32 ፓውንድ ጎደለን።

«32 ፓውንድ ምን አላት» የሚል ሰው ይኖራል። ከሥር ወፍራም ላስቲክ ተነጥፏል፣ ከፊት ግንባሩ ጋር በእንጨት ተደግፏል፣ እነሱም ይይዛሉ። ነገር ግን የመድኃኒት ስሌት ፈተና የወሰደ ሰው «ምን አላት» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። የኋላዎቹን ወደ ግማሽ ኢንች ከፍ አደረግናቸው፤ እያንዳንዳቸው 2,200 ይይዛሉ። ሰንሰለቱም መከተል አለበት፣ አቅም የሚለካው በደካማው ነውና። ሩብ ኢንች ውፍረት ያለው ግሬድ 30 ሰንሰለት 1,300 ብቻ ነው የሚይዘው፤ በዚያው ውፍረት ግሬድ 43 ደግሞ 2,600። ቁጥሩ ሰንሰለቱ ላይ ታትሟል። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታዩአቸው በዓይን አይለዩም፤ በዋጋ ግን ይለያሉ። ጠቅላላ ወጪያችን 260 ዶላር ሆነ።

በካምፐሩ በኩል ቀለበቶቹ የተያዙበትን እንጨት በካቻቢቴ ጫፍ እየወጋን ፈተሽን። የቀኙ የኋላ ማዕዘን ውሃ ገብቶበት በስብሶ ነበር፤ ጫፉ እንደ ቂጣ ውስጥ ገባ። ቆርጠን አዲስ እንጨት ተካን፤ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን፤ ስለሱ ከዚህ በላይ ማውራት አልፈልግም።

ነገሩ የተገለጠው ቡሎን ስናስገባ ነው። አባዬ መኪናው ሥር ተኝቶ ዳዶውን በጣቱ እያስጀመረ ነበር። ዳዶ ጥርሱን ሲይዝና ጠምሞ ሲገባ በጣት ይለያል፤ የጠመመው ገና በሁለተኛው ዙር ይከብዳል። አባዬ ሦስት ጊዜ አጣምሞ አስገባ። በሦስተኛው ዳዶው ከእጁ ወደቀ፤ እሱ ግን ጣቶቹ ገና እንደያዙት ሆነው አየር ላይ ይዞሩ ነበር። እኔ ከጎኑ ተኝቼ በባትሪ አበራለት ስለነበር አየሁት። ዓይናችን ተገናኘ። «ጓንቱ ነው» አለ። ጓንት አላደረገም ነበር።

አባዬ ስኳር ካለበት 11 ዓመት ሆኖታል። ስኳር ነርቭን ሲጎዳ ከሩቁ ይጀምራል፤ ረዥሞቹ ነርቮች ቀድመው ይጎዳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የእግር ጣት ነው፣ ከዚያ ወደ ላይ እየወጣ ወደ ጉልበት ሲጠጋ እጅ ይጀምራል። ካልሲና ጓንት እንላለን በክፍል። መኪናው ሥር ተኝቼ የመጣልኝ ሐሳብ ስለ እጁ አልነበረም። እጁ ላይ ከደረሰ እግሩ ላይ ቆይቷል። ያ እግር ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን፣ እስከ 80,000 ፓውንድ የሚመዝን መኪና ፍሬን ላይ ይቀመጣል።

ማታ ከትምህርት ቤት ቦርሳዬ የናይለን ክሯን አወጣሁ። አሥር ግራም ኃይል ሲያርፍባት የምትጎብጥ ክር ናት፤ ሰውየው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ቆዳውን ትነኩታላችሁ፣ ሲሰማው «አዎ» ይላል። አባዬን ወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጬ ካልሲውን አወለቅኩለት። ስትማሩ በጓደኛ እግር ላይ ነው የምትለማመዱት፤ ሁሉም «አዎ፣ አዎ፣ አዎ» ይላል፣ ትሳሳቃላችሁ። የአባዬ ወጥ ቤት ጸጥ አለ። ቀኝ እግሩ ላይ ከነካሁት አሥር ቦታ አራቱን ብቻ አወቀ። አውራ ጣቱን ሁለት ጊዜ ነካሁት፣ ዓይኑን እንደጨፈነ «ጀምሪ እንጂ» አለኝ።

ተማሪ የሠራችው ምርመራ ምርመራ አይባልም፤ ይህንንም ነገርኩት። እሱም ልክ ነሽ አለ፤ ግን ካልሲውን ሲያደርግ ረዥም ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ «ፍሬኑን በእግሬ አይደለም የማውቀው፣ በመኪናው ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ እስከ ዛሬ ያወቀው በዚያ ነው። ግን መኪናው የሚመልሰው ከተረገጠ በኋላ ነው። ይህን ስለው መልስ አልሰጠኝም። ቆይቶ፣ እማዬ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትናገሪያለሽ?» አለኝ።

የታካሚ ምስጢር ስለ መጠበቅ ሙሉ ሴሚስተር ተምረናል። ስለ አባት አልተማርንም። እሱ የእኔ ታካሚ አይደለም፤ የቤታችን ግማሽ ገቢ ግን በዚያ እግር ላይ ነው፣ የእኔ የትምህርት ክፍያም እንደዚያው። በዚያው መንገድ የሚሄዱ የማላውቃቸው ሰዎችም አሉ። «አንተ ትናገራለህ፤ እኔ አብሬህ እገባለሁ» አልኩት። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ያህል በቁጥር ብቻ ተነጋገርን። «ሦስት ከሩብ።» «ያዢ።» «ግማሽ ዙር።» እማዬ ተጣላችሁ ወይ እያለች ሁለታችንንም ለየብቻ ጠየቀችን። አልተጣላንም። እንዲያውም አብዛኛውን ብየዳ የማይነካውን ሥራ የጨረስነው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ነው፤ ዝምታ ለሥራ ይመቻል።

አንድ ማለዳ ወደ ክፍል ልሄድ ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ «ማክሰኞ በአራት ሰዓት ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ትመጫለሽ?» አለኝ። ሐኪሟ የእኔን ክር አላስፈለጋትም፤ የራሷ ነበራት። የነርቭ ምርመራ ታዘዘለት፣ መድኃኒቱ ተስተካከለ፣ ከሰኔ ጀምሮም ከባድ መኪና መንዳት አቁሟል። እማዬ ተጨማሪ ፈረቃ ወሰደች፤ እኔ ቅዳሜና እሁድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ከባድ ነው። አባዬ ጠዋት በ11 ሰዓት ይነቃል፣ መሄጃ የለውም፣ ጋራዡን ይጠርጋል።

ማሰሪያው ላይ የቀረን ጥያቄ ምን ያህል እንወጥረው የሚለው ነበር። ሻሲ መንገድ ላይ ይጠማዘዛል፣ ካምፐሩም ይወዛወዛል። ሰንሰለቱ ዝም ብሎ ድርቅ ካለ አንድ ጊዜ ይላላል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቀለበቱን ከነእንጨቱ ይነቅላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ማሰሪያ መካከል ሲሳብ የሚጨመቅ ሞላ አስገባን። ሞላው ሲላላ አምስት ኢንች ርዝመት አለው። አራት ተኩል ሲደርስ ይበቃዋል፤ አራት ከደረሰ በዝቷል። አባዬ መጀመሪያ ሰንሰለቱን በጣቱ መታ አደረገ፣ እንደ ድሮው። ጆሮውን አስጠግቶ ቆየ። ድምፁን ይሰማል፤ ግን ድምፁ ብቻውን ለሰንሰለት አይበቃም፣ ሰንሰለት እንደ ገመድ አይዘምርም።

ከቀረን እንጨት አንድ ቀጭን ቁራጭ አንስቼ ሁለት ቦታ ገዘገዝኩት። የመጀመሪያው ገዘጋ አራት ተኩል ላይ፣ ነጭ ቀለም፤ ሁለተኛው አራት ላይ፣ ቀይ። እንጨቱን ከሞላው ጎን ታስጠጉታላችሁ፤ የሞላው ጫፍ ነጩ ላይ ከሆነ ልክ ነው። ጣት አይፈልግም፣ ዓይን ብቻ። አባዬ አገላብጦ አየውና ምንም አላለም። በማግስቱ ጫፉን በስቶ ክር አስሮለት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት አገኘሁት። ስም አውጥቶለታል፤ «ነርሷ» ይለዋል።

ነሐሴ ላይ ሦስታችንም ወጣን። ነጂዋ እኔ ነኝ፣ አባዬ ከጎኔ፣ እማዬ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና መንገዱን ሳይሆን የፍጥነት መለኪያውን ትከታተላለች። መድረሻችን ከአይዘንሃወር ዋሻ ማዶ ያለው የዲሎን ሐይቅ ነበር። ዋሻው 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ጫፍ ይበልጣል፤ ከዋሻው በኋላ ያለው ቁልቁለትም ለፍሬን አይራራም። ደንቡ ጭነት በመጀመሪያዎቹ 50 ማይሎች ውስጥ እንዲፈተሽ፣ ከዚያም በየሦስት ሰዓቱ ወይም በየ150 ማይሉ እንዲደገም ይላል። አይዳሆ ስፕሪንግስ ስንደርስ ወጥቼ ቆምኩ።

አባዬ ወረደ። ከፊት ግራ ጀመረ፣ ከፊት ቀኝ፣ ከኋላ ቀኝ። እንጨቱን አስጠጋ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀጠለ። ከኋላ ግራ ላይ ቆመ። መነጽሩን ወደ ላይ ከፍ አደረገና እንደገና አየ።

«ከነጩ ትንሽ ቀርታለች» አለ። «ነይ። አንድ ዙር ስጪያት።»

አንድ ዙር ሰጠኋት። አየ። «ግማሽ ጨምሪ።» ጨመርኩ። መቆለፊያ ዳዶውን በጣቴ አስጀመርኩት፤ ሳይጠምም ገባ፤ በቁልፍ አጠበቅኩት። አባዬ በበሩ ጠርዝ ላይ በለጠፈው ነጭ ፕላስተር ላይ በእርሳስ ጻፈ፦ 46 ማይል፣ ኋላ ግራ፣ አንድ ተኩል።